ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?

ሃያ፣ ሃያ አምስት፣ ልብ አይደለም ይሉኛል፣ ሠላሳ፣ ልብ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው፣ በጠፍጣፋው ማንኪያ እንክብሎቹን አምስት አምስት እያደረገች ወደ ትሪው ጠርዝ ትገፋለች፣ ሠላሳ አምስት ነበር ወይስ አርባ፣ ጠፋባት፣ ሁሉንም መልሳ ታፈስና እንደገና ከአምስት ትጀምራለች። ከመስኮቱ ማዶ ያሉት ሴትዮ ክርናቸውን ባንኮኒው ላይ አስደግፈው ጣቶቿን ያያሉ። ይዩ፣ ይዩ፣ መቁጠር የማትችል ፋርማሲስት አይተው አያውቁም፣ አሥር ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ ያልዞረ እናትስ አይተዋል፣ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ልጄን ደረቷን ያማታል ሴትዮ፣ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ እጇን እዚህ ጋ፣ መሀል ደረቷ ላይ ታደርግና ፊቷን ታጨማድዳለች፣ እናንተ ደግሞ መጥታችሁ የሳል ሽሮፑ ጣዕሙ ብርቱካን ነው እንጆሪ ትሉኛላችሁ።

ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ፣ ትላለች። አፏ ነው የሚለው፣ እሷ የለችበትም፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ መስኮት ሲለፈልፍ የኖረ አፍ ባለቤቱን አያስፈቅድም። የለም ልጄ፣ ምንም አልወስድም። ምንም። ከዚያ ሴትዮዋ መነጽራቸውን ፍለጋ ቦርሳቸውን ሲከፍቱ የግፊቱ ኪኒን ብቅ ይላል፣ የስኳሩ፣ ጎረቤት ያካፈለቻቸው የወገብ፣ ስሙ ተፍቆ ያለቀ አንድ ቢጫ ነገር፣ እነዚህስ እማማ፣ እነዚህማ የሁልጊዜዎቼ ናቸው፣ መድኃኒት እኮ አይደሉም። አየሽ፣ አየሽ አይደል፣ ትላለች ለራሷ፣ ሰው ማለት ይኸው ነው፣ የሚውጠውን አያውቅም፣ ሲብስበት ሐኪሙን ይረግማል። ልቧ ውልቅ ይላል። ቢጫውን ለይታ ታስቀምጥና፣ ይህንን ከዚያኛው ጋር እንዳይወስዱ አደራ፣ ይኸኛው በብዙ ውሃ፣ ትላለች፣ ሴትዮዋ ይመርቋታል፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። አንድ ነች፣ አሜን፣ እሷም ካደገችልኝ።

የጋውኗ ኪስ ውስጥ ስልኩ ይንዘፈዘፋል። አራት ሰዓት። አለሁ፣ ይላል መልእክቱ፣ ሌላ ነገር የለውም። ውሉ እንደዚያ ነው፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ቀርታ ቤት ብቻዋን በምትውልበት ቀን ሁሉ፣ በየሰዓቱ፣ አንድ ቃል። የመጀመሪያው ቀን ደህና ነኝ እማዬ ነበር፣ ከነአበባው ከነመሳሳሙ፣ በማግስቱ አለሁ ሆነ፣ ትናንት ከሰዓት ደግሞ እስካሁን አልሞትኩም ብላ ልካ፣ እናትየው ወረፋውን ጥላ መጋዘን ገብታ ጮኸችባት፣ እንደዚህ ዓይነት ቀልድ በኔ ቤት የለም፣ ሰምተሻል፣ ሰማሁ። አሁን አለሁ ብቻ። እሺ አለሽ፣ እስከ አምስት ሰዓት አለሽ ማለት ነው፣ ከአምስት በኋላስ።

ምን እንዳልሆነ የሚነግራት ሞልቷል፣ ምን እንደሆነ የሚነግራት ነው የጠፋው። አባትየው አውቶቡስ ሲነዳ ስለሚውል የዓለም በሽታ ሁሉ ከአቀማመጥ የሚመጣ ይመስለዋል፣ ስልኳ ላይ ጎብጣ እየዋለች ነው፣ ደህና ወንበር ግዢላት ይላል፣ እኔ ደረት እላለሁ እሱ ወንበር። እህቱ ደግሞ ቦርሳው ነው አለች፣ ድንጋይ ነው እንዴ የሚያስተምሯቸው፣ አንጠልጥላ አየችው፣ እንደ ባለሙያ ራሷን ነቀነቀች። የስፖርት አስተማሪው ደወለ፣ ባለፈው ሳምንት ፑሽአፕ አሠርቻቸው ነበር፣ ጡንቻ ይሆናል፣ ሁለት ቀን ትረፍና ለቅዳሜ ትደርሳለች፣ ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ሯጮች የሚመረጡበት ቀን ነው፣ ሰውየው የተጨነቀው ለእግሯ ነው፣ ደረቷ የራሷ ጉዳይ። ገንዘብ ተቀባይዋ፣ ይቺ ከጎኗ ማስቲካ የምታኝከው፣ አቦ ፍቅር ይሆናላ፣ አሥራ አምስት ዓመት አይደለች እንዴ፣ ትላለች፣ ይቺን አንድ ቀን በትሪው ነው የማቀምሳት። የጤና ጣቢያው ሐኪም የጎድን አጥንቷን በጣቱ ጫፍ ጫፉን ተጫናት፣ እዚህ ያማል፣ አያምም፣ እዚህስ፣ አያምም፣ እንግዲህ በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የአጥንቱ መጋጠሚያ ነው የሚቆጣው፣ ይተዋታል፣ ቅባት እጽፋለሁ። አያምም እያለችህ። ጨጓራዬን ላጡት እኮ።

የልብ ሐኪሙስ፣ እሱ ጋ ለመድረስ ስንት ደጅ ጠናች፣ ስንት ሰው አስለመነች። ሽቦውን ለጣጠፈባት፣ ወረቀቱ ተስቦ ወጣ፣ ከዚያ በዚያ ቀዝቃዛ ቅባት ደረቷን እየዳሰሰ ልቧን በስክሪኑ አሳየን፣ አራት ክፍል፣ በሮቹ ይከፈታሉ ይዘጋሉ፣ ይከፈታሉ ይዘጋሉ፣ ንጹሕ ልብ ነው እናት፣ እንዲያውም የሯጭ ልብ ነው ያላት። ልጅቷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ወንበሩን ወደኔ አዞረና ይዘረዝር ጀመር፣ በዚህ ዕድሜ ደረት ሲታመም አብዛኛውን ጊዜ ልብ አይደለም፣ ጡንቻ ይሆናል፣ አጥንት ይሆናል፣ አስም ይሆናል፣ ስትሮጥ ያፍናታል ወይ፣ አያፍናትም፣ ሳል አለ፣ የለም፣ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እየመጣ ይሆናል፣ ጭንቀት ይሆናል፣ ፈተና አለባት፣ ፈተና የሌለበት ማን አለ ዶክተር፣ የምትወስደው መድኃኒት አለ፣ ምንም፣ እርግጠኛ ነሽ፣ ፋርማሲስት ነኝ እኮ ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አለና ጻፈ፣ ከልብ ጋር ያልተያያዘ የደረት ሕመም። ይኼ በሠለጠነ አማርኛ አላውቅም ማለት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሐኪም እጅ ጽሕፈት ሳነብ ኖሬ ይቺን አጣታለሁ እንዴ። ለነገ ሌላ የልብ ሐኪም ይዣለሁ፣ ከተማው ዳር፣ ማሽኑ አዲስ ነው ተብሏል፣ ይሳቁብኝ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እኛ አልጠረጠርንማ። ታናሽ ወንድሜ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ደረቴን ደረቴን ሲል ቤቱ በሙሉ ጨጓራ ነው አለ፣ እናታችን ጨጓራ ነው አለች፣ ጎረቤቱ፣ እኔም፣ እኔ እንዲያውም ከሁሉም አስበልጬ፣ የፋርማሲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፣ የሚያህለኝ አልነበረም፣ ነጩን የጨጓራ ሽሮፕ በራሴ እጅ ሁለት ማንኪያ አጠጣሁት፣ ይመራል አለኝ፣ አፉን በክንዱ ጠርጎ ኳስ ሊጫወት ወጣ። ሜዳው ላይ ነው የወደቀው። ማንኪያው ገና አልታጠበም ነበር። እና እባካችሁ እኔን ልብ አይደለም አትበሉኝ፣ ያኔም አይደለም ተብሏል፣ ያለችውም እኔ ነኝ።

ቀጣይ፣ ትላለች። አንድ ጎረምሳ የራስ ምታት ይጠይቃል፣ ትሰጠዋለች። አንዲት ነፍሰ ጡር ቫይታሚን፣ ትሰጣታለች። ወረፋው በሩ ጋ ደርሷል፣ ሰው ሁሉ ዛሬ ለመታመም ተቀጣጥሮ ነው እንዴ የመጣው።

ልጅቷ ደግሞ እንደ ልጅ አትሆንም። ዛሬ ጠዋት ዳቦውን አንዴ ገምጣ አስቀመጠችው፣ ሲወርድ ያመኛል፣ ሲወርድ ማለት ምን ማለት ነው፣ ሲወርድ ነዋ፣ እዚህ ጋ ይይዘኝና ያቃጥለኛል፣ አልበላም በይኛ፣ ምክንያት አትፈልጊ፣ ደግሞ በሹክሹክታ፣ እማዬ ቅዳሜ ልሩጥ፣ ሐኪሙን አልሰማሽውም፣ የሯጭ ልብ አለኝ፣ ተኝተሽ ዋዪ አልኩ፣ ከአልጋሽ ንቅንቅ እንዳትዪ፣ ስተኛ እኮ ነው የሚብሰኝ፣ በቃ አልኩ። በቃ። ፊቷ ላይ ሦስት ብጉር ወጣ ብላ ወር ሙሉ ከመስታወት ፊት ያለቀሰች ልጅ፣ ደረቷን ሲያማት ሩጫ አማራት። የራሷን ነገር የት ታውቅና፣ ብርጭቆ እንኳ አስተካክላ መያዝ አትችልም፣ ባለፈው አልጋ ላይ ተጋድማ ስታጠና ውሃውን ደፍታ ደብተሩንም ፍራሹንም በአንድ ላይ አራሰችው፣ ሦስት ቀን ፍራሽ በረንዳ ላይ፣ ሁለተኛ ውሃ የሚባል ነገር መኝታ ቤት እንዳይገባ ብዬ ቁርጡን ነገርኳት፣ እንዲህ ካላሏቸው አይሰሙም። እናትነት እንግዲህ ሲከለክሉ መዋል ነው፣ ውሃ፣ ሩጫ፣ ስልክ፣ ቀልድ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሁለት ደቂቃ ይቀድማል፣ ስለዚህ አልሆነም፣ ስለዚህ አትጨነቂ። መስኮቱ ጋ የሚደርሱት ሰዓት ሠሪው ናቸው፣ ከመንገዱ ማዶ ያለችው አንድ በር ሱቅ የሳቸው ናት፣ ሰፈሩ ጋሽ ለምን ነው የሚላቸው፣ ሳይጠይቁ የሚያልፉት ነገር ስለሌለ፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ሳይቀር እሳቸውን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ዛሬ ደግሞ ጋሽ ለምን ቀሩብኝ። የእግራቸው ቁስል አመርቅዞ ነው፣ ወረቀቱን ትቀበላለች፣ ሦስተኛውን መሳቢያ ትስባለች፣ ካፕሱል፣ አሥራ አራት ፍሬ፣ መለያ ወረቀቱ ላይ ትጽፋለች፣ በቀን ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ፍሬ፣ ከምግብ በኋላ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ። አምስት ሰዓት። ስልኩ ዝም። ትለጥፈዋለች፣ በአውራ ጣቷ ጠርዙን ታሸዋለች። አምስት ከሁለት። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ጋሼ፣ የለም፣ ያኔ ሳንባዬን ካከሙኝ ወዲህ የለም፣ አምስት ከአራት፣ ምነው አትልክም ይቺ ልጅ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይውሰዱት፣ ወስደው ወዲያው እንዳይተኙ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀጥ ብለው ይቀመጡ።

ለምን፣ ይላሉ።

ምኑ ለምን። ለምን ሙሉ ብርጭቆ፣ እኔ እኮ ማታ ከተኛሁ በኋላ ነው ትዝ የሚለኝ፣ በምራቄ ውጬው ብተኛ ምን ይለኛል፣ ሆዴ እንደሆነ ያው ሆዴ ነው። ከኋላቸው ያለው ወረፋ በረጅሙ ይተነፍሳል። አምስት ከስድስት፣ ሽሮፑን አጠጣሁትና አፉን በክንዱ ጠረገ፣ ላኪልኝ ልጄ፣ አንድ ቃል ብቻ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ነገር ስትል ለምን ያላት ሰው የለም፣ ሁሉም እሺ እሺ ብሎ ነው የሚሄደው። ምክንያቱማ ጋሼ፣ ትላለች፣ ዓይኗ ሰዓቱ ላይ፣ ድምፅዋ ልክ ክፍል ውስጥ እንደምትመልስ ተማሪ፣ ካፕሱሉ ውሃ ካልገፋው መንገድ ይቀራል፣ የምግብ ቧንቧው ላይ ተለጥፎ እዚያው ይሟሟል፣ ያቆስላል፣ ተኝተው ከሆነማ የባሰ ነው፣ ከዚያ መሀል ደረትዎን ያቃጥልዎታል፣ እህል ሲወርድ ይይዝዎታል፣ ሰው ልቤ ነው ብሎ ይደነግጣል፣ ልብ ግን

ልብ ግን አይደለም ልትል ነው። አፏ እንደተከፈተ ይቀራል።

እንደ ሰዓት ነዋ፣ ይላሉ ሰዓት ሠሪው ደስ ብሏቸው፣ አንዲት ጥርስ ላይ አቧራ ይቀመጣል፣ ሰውየው መጥቶ ልቡ ሞቷል፣ ሙሉውን ቀይርልኝ ይለኛል። ካፕሱሎቹን ከመዳፏ ላይ ይወስዳሉ፣ ራሳቸው ናቸው የሚወስዱት፣ እሷ አልሰጠቻቸውም። ያው እሽግ። ሦስተኛው መሳቢያ። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ፣ የቆዳ ሐኪም ለልጇ የጻፈውን ወረቀት ይዛ በዚሁ እጇ ከዚሁ መሳቢያ፣ ለሰው ቢሆን መለያ ይጻፋል ይለጠፋል፣ ለቤት ግን ማን ይለጥፋል፣ እንደ ከረሜላ ኪሷ ከታ ቤት ገባችና አልጋው ላይ ወረወረችው፣ ጠዋትና ማታ፣ ሂጂ ብጉርሽን ግደዪ። በቃ ይኼው ነው ያልኩት። ውሃ አላልኩም። ቁጭ በዪ አላልኩም። ላላየሁት ሰው ሁሉ ስል እየዋልኩ፣ ላለፈ ላገደመው፣ በቀን መቶ ጊዜ፣ ቤቴ ስደርስ አፌ ደክሞት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲሉ እኔን ነው ለካ።

የምትወስደው መድኃኒት አለ፣ ምንም፣ እርግጠኛ ነሽ፣ ፋርማሲስት ነኝ እኮ ዶክተር። ወይኔ። የጤና ጣቢያውም የልብ ሐኪሙም ጠየቁኝ፣ ለሁለቱም ምንም፣ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ እንደ ቢጫው ኪኒን ሴትዮ፣ እሳቸው እንኳ ቦርሳቸውን ከፍተው አሳዩኝ፣ እኔ የማሳየው ቦርሳ እንኳ አልነበረኝም። የብጉር ነች፣ መድኃኒት እኮ አይደለችም። ሲወርድ ያመኛል እማዬ። ምክንያት አትፈልጊ። ስተኛ ነው የሚብሰኝ። በቃ አልኩ። ልጅቷ ነገረችኝ እኮ፣ ከመጽሐፉ ላይ እንደተገለበጠ አድርጋ ነገረችኝ፣ አንዳች አላስቀረችም።

ቆይ። ቆይ፣ አትቸኩዪ፣ ያኔም አውቃለሁ ብለሽ ነው ማንኪያ ያነሳሽው። ጨጓራ ነው ስትዪም እንዲህ ነበር ሁሉ ነገር ልክክ ያለልሽ። ግን የወንድሜን ልብ ማንም አላየውም፣ ሽቦ አልተለጠፈበት፣ ስክሪን ላይ አልወጣ፣ የሷን ግን አይቼዋለሁ፣ የልብ ሐኪሙ በጣቱ እያመለከተ አሳይቶኛል፣ በሮቹ ይከፈታሉ ይዘጋሉ፣ አይቼው አላመንኩም፣ እኔ ያየሁት የወንድሜን ልብ ነበር። አምስት ከአሥራ አንድ። አንድ ደቂቃ፣ ትላለች ለወረፋው፣ እንዴ እህቴ ታመናል እኮ፣ ይላል አንዱ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ማስቲካዋን ታቆማለች፣ እሷ የካርቶን ክምር አልፋ መጋዘኑ በር ላይ ቆማ ትደውላለች፣ አንዴ ይጠራል፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አንሺው፣ አራቴ፣ እባክሽ እናቴ አንሺው።

ወዬ። ሽንት ቤት ነበርኩ፣ ሽንት ቤትም ሪፖርት ይደረጋል እንዴ።

አትቆጣም። አልቻለችም። ስሚኝ ልጄ፣ ሌላ የሚወስዱት፣ ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ። እ፣ ትላለች ልጅቷ። የምትውጪው፣ ማንኛውንም ነገር። ምንም፣ ትላለች፣ ከዚያ ደግሞ፣ የብጉሯን ካልቆጠርሽ። እናትየው ግንባሯን ካርቶኑ ላይ ትደግፋለች፣ ካርቶኑ ላይ በጥንቃቄ ይያዝ ይላል። እንዴት ነው የምትወስጂያት። አንቺ እንዳልሽኝ ነዋ። ምን ነበር ያልኩሽ። ጠዋትና ማታ። በምን። ጠዋት በሻይ። ማታስ። ማታ ከተኛሁ በኋላ ነው ትዝ የምትለኝ፣ ከትራሴ ሥር አወጣና እውጣታለሁ፣ ትንሽ ትይዘኛለች፣ ከዚያ እንቅልፍ ይወስደኛል። በውሃ አይደለም። አይደለም። ለምን፣ ትላለች፣ ልክ እንደ ሰዓት ሠሪው፣ ለምን፣ መልሱን እያወቀች።

ውሃ መኝታ ቤት አይገባም አልሽ አይደል እንዴ።

አልኩ። አልኩ እኮ፣ ፍራሹን እያየሁ፣ ቁርጡን ነገርኳት፣ እሷም የሰማችኝ በዚያ ብቻ፣ ከስንት ነገር መርጣ። ልትስቅ ነው ወይ ልታለቅስ፣ ሀፍረት ይሁን እፎይታ አታውቀውም፣ ሁለቱም አንድ ላይ ነው የመጡት፣ በአንድ በር። ዛሬ ማታ እንዳትወስጂያት፣ ትላለች፣ ከትራስሽ ሥር አውጪና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪልኝ፣ ለልብ ሐኪሙ ልደውልለት ነው፣ ዋሽቼዋለሁ። ምን ብለሽ። ምንም ብዬ። መንገድ ላይ አንድ ሰው ጥሩምባ ይነፋል፣ መስኮቱ ጋ ሳንቲም ባንኮኒ ይመታል፣ ቀጣይ የምትል የለችም፣ ወንድሟ አፉን በክንዱ ይጠርጋል፣ ይመራል አለኝ፣ የእኔ ጌታ፣ አውቃለሁ፣ ይመራል።

እማዬ፣ ትላለች ልጅቷ። እና ልቤ፣ እና ልቤ ደህና ነው ማለት ነው።

አፏን ትከፍታለች። ስንት ሰው የነገራት ነገር ነው፣ ሁለት ቃል ነው፣ አሥር ቀን ሙሉ ስትጣላው የከረመችው ቃል፣ አልወጣ አላት። ከስልኩ ማዶ የአልጋው ሽቦ ሲጢጥ ይላል፣ ልጅቷ ክንዷን ተደግፋ ቀና እያለች መሆን አለበት፣ ትተነፍሳለች፣ ትጠብቃለች፣ ደግሞ ትተነፍሳለች።

እማ፣ አለሽ?

አለሁ፣ ትላለች። አለሁ ልጄ። ደህና ነው። ከአልጋው ተነሺ።